ከእርሳስ ወደ መዳብ፦ የአዳኝ ጥይት ታሪክና በሥጋ ውስጥ የታየው ስብርባሪ

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1896 ኔፕልስ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሁለት ኢጣሊያውያን ቁስለኞች ክንዳቸውን ከአንድ እንግዳ መሣሪያ ፊት ዘረጉ። ሁለቱም የቆሰሉት በኢትዮጵያ ነበር፤ ጦራቸው አድዋ ላይ ድል ከሆነ ገና ሦስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ቪልሄልም ሬንትገን ከስድስት ወር በፊት ያስተዋወቀውን ጨረር የተጠቀመው ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ፣ በሥጋቸው ውስጥ ተቀብሮ የቀረውን ጥይት ያለ ቢላዋና ያለ መመርመሪያ ሽቦ ትክክለኛ ቦታውን ለማወቅ ቻለ። ራጅ ለጦርነት ቁስለኛ ሕክምና የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተብሎ በሕክምና ታሪክ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እርሳስ በራጅ ፊልም ላይ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሐኪም የለም። ከአጥንት ይልቅ ነጥቶ፣ ጠርዙ ተስሎ፣ ዓይን ከሩቅ የሚለየው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ያው ጨረር ከቁስለኛው ወደ ቁስለኛው ምግብ ዞሮ፣ በጥይት ከተገደለ እንስሳ የተዘጋጀን ሥጋ በስፋት ለመመርመር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚህ መካከል ጥይት ራሱ ብዙ ተለውጦ ነበር። የለውጡንም ታሪክ ከሞላ ጎደል የጻፉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ቁስልን የሚያክሙ ሐኪሞችና ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው የሚሞሉ አዳኞች።

እርሳስ ለጥይት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ይህም ማለት የምድጃ ፍምና አንድ የብረት ማንኪያ ያለው ሰው ሁሉ ሊያቀልጠው ይችላል ማለት ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 11.34 ግራም ስለሚመዝን ነፋስን ሰንጥቆ ሩቅ ይሄዳል። ለስላሳ ስለ ሆነም የጠመንጃውን በርሜል ሳይጎዳ በውስጡ ያሉትን ጥምዝ ቦዮች ይይዛል። ብረቱና መሣሪያው እንዲህ ከመቆራኘታቸው የተነሣ በአማርኛ «አረር» የሚለው ቃል የብረቱም የጥይቱም ስም ሆኖ ኖሯል። አባቶች «ውጅግራ» እያሉ የሚጠሩት የፈረንሳይ የ1874 ሞዴል ግራ ጠመንጃ የሚተኩሰው አረር 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለው እርሳስ ነበር።

እርሳስ መርዝ መሆኑ በዚያ ዘመን የተሰወረ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእት ዓመት የኖረው የኮሎፎኑ ኒካንድሮስ በእርሳስ የተመረዘን ሰው ሕመም በግጥም ገልጾታል። ነገር ግን ሐኪሞች በጥይት ላይ የሚያነሡት ክስ መርዝነቱ ሳይሆን ጉልበቱ ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ኤቴን ሚኒዬ እ.ኤ.አ. በ1849 ያወጣው ከሥሩ ጎድጓዳ የሆነ የእርሳስ ጥይት በክሪሚያ ጦርነት፣ በኋላም ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አጥንት ባገኘ ቁጥር እየተንጠፈጠፈ አጥንቱን ያደቅቅ ስለ ነበር የቀዶ ሐኪሙ ሥራ በአብዛኛው እጅና እግር መቁረጥ ሆኖ ቀረ።

መዳብ ወደዚህ ታሪክ የገባው በባሩድ ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲሠራ የጥይት ፍጥነት በአንድ ጊዜ ጨመረ፤ ራቁቱን የሚተኮስ እርሳስ ግን ፍጥነቱን ሊችለው አልቻለም፤ በበርሜሉ ውስጥ እየተላጠ ቦዮቹን ይደፍን ጀመር። ስዊዛዊው ኤድዋርድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1882 እርሳሱን በመዳብ የሚያለብስበትን ዘዴ አስቀድሞ ፈጥሮ ስለ ነበር መፍትሔው ተዘጋጅቶ ቆየ። በዚያው አገር የቀዶ ሕክምና ሊቅ የሆነው፣ በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቴዎዶር ኮኸር ደግሞ በልዩ ልዩ ነገር ላይ እየተኮሰ ጥይት ቁስልን እንዴት እንደሚፈጥር ሲመረምር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሮማ በተደረገው የዓለም ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ጥይትን ከሰብአዊነት አንጻር ስለ ማሻሻል ንግግር አደረገ። አሳቡ ባጭሩ፣ ጥይት ትንሽና ጠንካራ ይሁን፤ በአካል ውስጥ ቅርጹን አይለውጥ፤ ወታደሩን ከውጊያ ያስወጣ እንጂ ሥጋውን አይበጣጥስ የሚል ነበር። በ1899 በሄግ የተፈረመው ስምምነት በሰው አካል ውስጥ የሚሰፉና የሚንጠፈጠፉ ጥይቶችን ሲከለክል የሐኪሞቹ ድምፅ ተሰምቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ለአዳኝ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። አጋዘን ቆስሎ በጫካ ውስጥ ለቀናት እንዳይሠቃይ ጥይቱ ገብቶ መስፋት፣ ሳንባውንና ልቡን ሰፊ አድርጎ መቅደድ አለበት። በጦር ሜዳ ጭካኔ የተባለው በአደን ሜዳ ርኅራኄ ሆነ። ስለዚህ የአደን ጥይት ሠሪዎች የመዳቡን ልባስ ከጫፉ ላይ ከፍተው እርሳሱን ብቅ አደረጉት። ጥይቱ ሲመታ እርሳሱ እንደ እንጉዳይ ይገለበጣል፤ ይሰፋል፤ ይገድላል። ነገር ግን ፍጥነቱ በጨመረ መጠን እየተፈረካከሰ ከክብደቱ ብዙውን እጅ በመንገዱ ላይ ይበትናል። ይህ የተበተነው ወዴት እንደሚሄድ ብዙ የጠየቀ አልነበረም። አዳኞችን ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ጥይቱ ቶሎ ስለሚፈርስ ወደ ትልቅ እንስሳ ሆድ ዕቃ ዘልቆ አይገባም። አሜሪካዊው ጆን ኖዝለር እ.ኤ.አ. በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንድ ሙስ የተባለ ግዙፍ የአጋዘን ዘር ሲያድን ጥይቱ ቆዳው ላይ እየፈረሰ አስቸገረው፤ ከዚያም በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው፣ የፊተኛው እርሳስ ቢፈርስ የኋለኛው የሚተርፍ ጥይት ሠርቶ በ1948 ለገበያ አቀረበ።

ከዚህ የሚቀጥለው እርምጃ እርሳሱን ፈጽሞ ማስወጣት ነው። ፈረንሳዮች በ1898 ለጦር ሠራዊታቸው ከመቶው ዘጠና እጅ መዳብ ከሆነ ቅይጥ የተሠራ ድፍን ጥይት አውጥተው ስለ ነበር ያለ እርሳስ መተኮስ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሚሆነው ድፍን መዳብ እንደ እርሳስ እንዲሰፋ ማድረግ ነበር። ይህን ያደረገው ራንዲ ብሩክስ ነው። ብሩክስና ባለቤቱ በ1974 የገዙት ድርጅት፣ ፍሬድ ባርንስ የተባለ ሰው ከ1932 ጀምሮ በኮሎራዶ ግዛት በቤቱ ጥይት እየሠራ ለወዳጆቹ ሲሸጥ የቆመ ነበር። ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1985 አላስካ ውስጥ ድብ ሲጠባበቅ ተቀምጦ አሳቡ መጣለት፤ ከንጹሕ መዳብ የተሠራ፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ሲመታ ወደ አራት ቅጠል ተከፍሎ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጥይት። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1989 «ኤክስ» በሚል ስም ለሽያጭ ዋለ። ዓላማው ጤና አልነበረም። ጥይቱ ሳይፈርስ ጠልቆ እንዲገባ ብቻ ነበር የተፈለገው።

ፈጠራውን መጀመሪያ የተቀበሉት ጥይታቸውን በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች ናቸው። ይህ ሙያ በአሜሪካ የቆየ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ፣ አጽድቶ፣ ወደ ቀድሞ መጠኑ መልሶ፣ አዲስ ካፕሱል ከሥሩ አስገብቶ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ ጨምሮ፣ በመጨረሻ አረሩን በአንገቱ ላይ መትከል ነው። ሥራው ፋርማሲስት መድኃኒት ሲቀምም ከሚያደርገው ጥንቃቄ የሚተናነስ አይደለም፤ የሚዛኑ ስሕተት ዋጋ በዓይንና በእጅ ይከፈላልና። እነዚህ ሰዎች መዳቡን በገዙ ጊዜ ለእርሳስ የለመዱት ልክ ሁሉ እንደማይሠራ ተገነዘቡ።

የችግሩ ሥር አንድ ቁጥር ነው፤ መዳብ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚመዝነው 8.96 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ውፍረቱና ክብደቱ ከእርሳሱ ጋር እኩል የሆነ የመዳብ ጥይት የግድ ረዥም ይሆናል። ረዥም ጥይት በቀለሁ ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይሻማል። በአየር ላይ እንዳይንገዳገድም ፈጥኖ መሽከርከር፣ ማለትም የበርሜሉ ቦዮች ይበልጥ የተጠመዘዙ መሆን አለባቸው፤ በአሮጌ ጠመንጃ ይህ ሁልጊዜ አይገኝም። በዚህ ላይ ድፍን መዳብ እንደ እርሳስ በቀላሉ አይጨመቅም፤ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ ይቃወማል፤ ግፊትም ይጨምራል። ስለሆነም ለእርሳስ ጥይት የተጻፈውን የባሩድ ሠንጠረዥ ለመዳብ እንዳለ መጠቀም ክልክል ሆነ፤ ሠሪዎቹም የየራሳቸውን ሠንጠረዥ አሳተሙ። ከሁሉ ያስመረራቸው ግን መዳቡ በበርሜሉ ውስጥ እየተላጠ መቅረቱ ነበር። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ጠመንጃው ዒላማውን ይስታል፤ ባለቤቱም ማታ ማታ በአሞንያ የተነከረ ጨርቅ ይዞ ቦዮቹን ሲፈትግ ያመሻል። አንዳንዱም ጥይት በእንስሳው ላይ ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፍ ስለ ነበር ብዙዎች ሞክረው ወደ እርሳሳቸው ተመለሱ። ያ ስም መዳቡን ከተሻሻለ በኋላ እንኳ ለረጅም ዓመታት አልለቀቀውም።

መሻሻሉ የመጣው በቀላል ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥይት በጎኑ ዙሪያውን የተቆረጡ ቀለበታዊ ቦዮች ነበሩት፤ የተገፋው መዳብ ወደ እነርሱ ስለሚገባ ግፊቱም ልጣጩም ቀነሰ። ኋላም በጫፉ ቀዳዳ ላይ የፕላስቲክ ሾጣጣ ተተከለ፤ ሾጣጣው ሲመታ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ጥይቱን ይከፍተዋል። በእጅ የሚሞሉትም በበኩላቸው ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው፣ አረሩን የበርሜሉ ቦይ ከሚጀምርበት ትንሽ ራቅ አድርጎ መትከል ነው፤ መዳብ ወደ ቦዩ ከመግባቱ በፊት ጥቂት መንደርደርን ይወዳል። ሁለተኛው፣ ክብደትን መቀነስ ነው። 11.7 ግራም እርሳስ ይተኩስ የነበረ ሰው 9.7 ግራም መዳብ ቢተኩስ ፍጥነት ያተርፋል፤ መዳቡ ክብደቱን ከሞላ ጎደል ሳይጥል ስለሚያልፍ በመጨረሻ ከፍርስራሹ እርሳስ የበለጠ ይመዝናል። ደካማ ጎኑ ርቀት ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ እንደ ዓይነቱም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል፣ የመከፈት ኃይሉ ይዳከማል፤ በዚያ ርቀት እርሳስ ገና ይሰፋል። ልባም አዳኝ ይህን አውቆ ይጠጋል።

ይህ ሁሉ የአዳኞች የእርስ በርስ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አንድ አሞራ ባይሞት ኖሮ። የካሊፎርኒያው ኮንዶር፣ ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር የሚደርሰው ጥንብ አንሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ የቀረው 22 ብቻ ነበር። በ1987 የመጨረሻው ነጻ ኮንዶር ተይዞ ሁሉም በእንስሳት ማቆያ ተሰበሰቡ፤ ተዋልደው ከ1992 ጀምሮ ወደ ዱር ሲለቀቁ ግን እየታመሙ ይወድቁ ጀመር። በደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኘ። አዳኙ አጋዘኑን አርዶ ሥጋውን ሲወስድ ሆድ ዕቃውን እዚያው ይተዋል፤ አሞራው ያንን ይበላል። በግሬንጀር ሃንት የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ጥናት የ38 አጋዘን ቅሪት በራጅ መርምሮ፣ በእርሳስ ጥይት ከተገደሉት ከተተዉ 20 የሆድ ዕቃ ክምሮች በ18ቱ የብረት ስብርባሪ አገኘ። በመዳብ በተገደሉ አራት ሙሉ አጋዘኖች ውስጥ የታየው ስብርባሪ በድምሩ ስድስት ብቻ ነበር።

ይህን ያነበበ ሐኪም ቀጥሎ የሚጠይቀው ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ አሞራው የበላው ይህ ከሆነ ሰውየው የወሰደውስ ሥጋ? ጥያቄውን ወደ ተግባር ያደረሰው በሰሜን ዳኮታ ግዛት የሚኖረው የቆዳ ሐኪም ዊልያም ኮርናትዘር ነው። እርሱ ራሱ አዳኝ ነው። በዚያ አገር አዳኞች የተረፋቸውን ሥጋ አስፈጭተው ለችግረኞች የምግብ ማደያ ማእከላት ይለግሳሉ። ኮርናትዘር ከዚህ የተፈጨ ሥጋ ጥቅሎች ወስዶ በሲቲ ስካን ሲያያቸው ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ብረት አበራ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 የግዛቱ ጤና ባለሥልጣን ማእከላቱ ያላቸውን የአጋዘን ሥጋ እንዲያስወግዱ መከረ። ቁጣው ቀላል አልነበረም። ብዙዎች የአደን ጠላቶች ተንኰል ነው አሉ፤ የበጎ አድራጎት ሥጋ ተጣለ ብለው ያዘኑም ነበሩ፤ ኀዘናቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ሥጋው ለብዙ ድኻ ቤተ ሰብ ዋናው የፕሮቲን ምንጭ ነበርና።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ከግዛቱ ጋር ሆኖ ከ700 በላይ ሰዎች ደም መረመረ። አማካዩ በዴሲሊትር 1.17 ማይክሮግራም፣ ከፍተኛው 9.82 ነበር። የዱር ሥጋ የሚበሉት ከማይበሉት በ0.30 ማይክሮግራም ይበልጡ ነበር። ሁለቱም ወገን ቁጥሩን ለየራሱ ተጠቀመበት፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ለልጆች አሳሳቢ የሚባለው ልክ 10 ስለ ነበር ማንም ከመስመሩ አላለፈም። ነገር ግን መስመሩ ራሱ ቆሞ አልቀረም። ማእከሉ በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 አወረደው። የአውሮጳ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2010 ለእርሳስ ጉዳት የሌለበት የመነሻ ልክ ሊወሰን እንደማይችል ገልጾ የቀድሞውን ሳምንታዊ መጠን አነሣ። በ2008 «ከልክ በታች» ተብሎ የተሸኘ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ቢመጣ በሌላ ዓይን ይታይ ነበር ማለት ነው።

በ2009 ሃንትና ባልደረቦቹ በዋዮሚንግ ግዛት በእርሳስ ጥይት የተገደሉ 30 አጋዘኖችን ለልዩ ልዩ ሥጋ ቤቶች ሰጥተው የተመለሰላቸውን ጥቅል መረመሩ። በእያንዳንዱ በድን በአማካይ 136 ስብርባሪ ይታይ ነበር፤ ከ30ዎቹ የ24ቱ ሥጋ ቢያንስ በአንድ ጥቅል ብረት ተገኝቶበታል። ሥጋ ቤቱ ቁስሉን ቆርጦ ቢጥልም ፍንጣሪው ከቁስሉ ራቅ ብሎ ስለሚበተን ዓይንና ጣት አያገኘውም። ይህን ሥጋ ለአራት አሳማዎች አበሏቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ የደማቸው እርሳስ በአማካይ ወደ 2.29 ማይክሮግራም ወጣ፤ ንጹሕ ሥጋ የበሉት 0.63 ላይ ነበሩ። የተዋጠው እርሳስ «እንደ ገባ ይወጣል» የሚለው የቆየ አባባል ከዚህ በኋላ ሊጸና አልቻለም።

አባባሉ ከየት እንደ መጣ ለጤና ባለሙያ ግልጽ ነው። በጡንቻ ውስጥ የቀረ ጥይት በጠባሳ ተከብቦ ለዓመታት ያለ ጉዳት እንደሚቀመጥ፣ በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ካልሆነ በቀር ማውጣት እንደማያስፈልግ ቀዶ ሐኪሞች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሆድ ግን ጡንቻ አይደለም። በጨጓራ አሲድ ውስጥ እርሳስ ይሟሟል፤ በደቀቀ ቁጥርም የሚነካው ገጽ ይሰፋል፤ ስለዚህ አንዲት ደንዳና እንክብል ከምትሰጠው ይልቅ ያው ክብደት ተፈርክሶ ሲገባ የበለጠ ይሰጣል። የስፔን ተመራማሪዎች በድርጭት ሥጋ ላይ እንዳሳዩት ኮምጣጤም ከማብሰያው ድስት ጀምሮ ያንኑ ሥራ ይሠራል። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ አንድ አሥረኛ ያህሉን ወደ ደሙ ሲወስድ ሕፃን እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ የብረት ወይም የካልሲየም እጥረት ካለበትም ይብሳል። በአጥንት የተቀመጠው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። መዳብ በአንጻሩ ሰውነት የሚፈልገውና የበዛውን በጉበት በኩል በሐሞት የሚያስወግደው ማዕድን ነው፤ የዊልሰን በሽታ ያለበት ሰው ካልሆነ በቀር። በዚያም ላይ ጥይቱ ስለማይፈርስ በሥጋው ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

ሕግ የተከተለው ዘግይቶ ነው። ካሊፎርኒያ በ2007 ባወጣችው ሕግ በኮንዶሩ ክልል የእርሳስ ጥይት ለትልልቅ እንስሳት አደን እንዳይውል ከ2008 ጀምሮ አገደች፤ በ2013 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ እገዳውን ለማናቸውም የዱር እንስሳ አደን በግዛቲቱ ሁሉ አስፋፋው። አሪዞና ሌላ መንገድ መርጣ ከ2005 ጀምሮ የመዳብ ጥይት ለአዳኞች በነጻ ታድል ነበር። የተቃዋሚዎቹ ዋና መከራከሪያ መዳብ አይገድልም፣ እንስሳ ያቆስላል የሚለው ነበር። በዴንማርክ ኒልስ ካንስትሩፕና ባልደረቦቹ በ2016 ያወጡት፣ በመዳብ የተተኮሰባቸውን ከ600 በላይ እንስሳት የተከታተለ ጥናት፣ እንስሳው ከተመታ በኋላ የሚሮጠው ርቀት ከእርሳስ ጋር ሲነጻጸር ለአደን ሥራ የሚያሰጋ ልዩነት እንደሌለው አሳየ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የእርሳስ የጠመንጃ ጥይትን ለአደን ፈጽማ በመከልከል ከአገሮች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስል፣ በቦትስዋና ከ500 በላይ ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳዎች ደም ተመርምሮ ወደ አንድ ሦስተኛ በሚጠጉት ከፍ ያለ እርሳስ መገኘቱ በ2018 ታትሟል፤ መጠኑም በአደን ወቅትና በአደን ክልል ይበልጥ ነበር። ይኸው ጥንብ አንሳ በኢትዮጵያም የሚኖር ነው።

በአሪዞናና በዩታ ድንበር የሚኖሩት ኮንዶሮች ደግሞ ከአደን ወቅት ጋር በተያያዘ በወጥመድ እየተያዙ ደማቸው ይለካል። እርሳሱ የበዛበት አሞራ ራጅ ይነሣል፤ በሆዱ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ካለ ይወጣለታል። ከዚያም እርሳስን አስሮ በኩላሊት የሚያስወጣው፣ በእርሳስ ለተመረዙ ሕፃናት የሚሰጠው ያው የካልሲየም ኢዲቲኤ መርፌ ይወጋል፤ ቁጥሩ ሲወርድም ወደ ገደሉ ተመልሶ ይለቀቃል።